«ወንድሜ ባለ ሁለት ፕሮሰሰሩ ይገዛ ይላል፤ የእኔ ልብ ግን አልቆረጠም»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

አርክቴክት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ አለን። ቀን ቀን እኔ ሬቪትና አውቶካድ በሚባሉት የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞች እሠራለሁ፤ አመሻሽ ላይ ኮምፒውተሩን እለቅለትና እሱ በስሪዲ ማክስና በቪ-ሬይ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም ሞዴሉን ፎቶ ወደሚመስል ምስል ሲለውጥ፣ ያድራል። ያለን ኮምፒውተር አንድ ነው፦ ኮር አይ7-7700 ፕሮሰሰር፣ 16 ጂቢ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ ባለ 6 ጂቢ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ። ፕሮጀክቶቻችን እየከበዱ ሲመጡ ሁለታችንንም ያማርረን ጀምሯል። እኔ ትልቅ ፋይል ከፍቼ ከአንዱ ቪው ወደ ሌላው በሄድኩ ቁጥር እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። የእሱ ሬንደር ደግሞ ጠዋት ስገባም አላለቀም።

በቅርቡ እቁብ ወጣልኝ። ወንድሜ ያገለገለ ኤችፒ ዜድ840 አግኝቷል፤ ሁለት ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ፕሮሰሰርና 64 ጂቢ ራም አለው። ኮር የሚባለው በፕሮሰሰር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላው ክፍል ነው፤ ወንድሜም «28 ኮር እኮ ነው! እኛ ያለን 4 ነው» ይለኛል። እኔ የጠየቅሁት ባለሙያ ግን በተቀራራቢ ዋጋ በራይዘን 9 5950ኤክስ አዲስ ብታስገጣጥሙ ይሻላችኋል አለኝ። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ወንድሜ ለሻጩ 10 ሺህ ብር ቀብድ መስጠቱን ሰማሁ። ተናደድኩና ክፉ ቃል ተናገርኩት። እሱም «የእኔ ሥራ ሥራ አይደለም ማለት ነው» ብሎ አኩርፏል። ገንዘቡ የዓመት ልፋቴ ነው፤ ወንድሜንም ማስቀየም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ልቧ ያልቆረጠ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህታችን፣

የእቁብ ብር ሁለት ጊዜ አይወጣም፤ ልብሽ ሳይቆርጥ አለመክፈልሽ ልክ ነሽ። ወደ ኮምፒውተሩ ከመግባታችን በፊት ግን ወንድምሽ የተናገራትን ላንሳ። «የእኔ ሥራ ሥራ አይደለም ማለት ነው» ያለሽ ስለ ፕሮሰሰር ብሎ አይመስለኝም። ምስሉ ሳያልቅ ሲነጋ ደንበኛውን ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው? እሱ ከሆነ ቸኩሎ ቀብድ ያሰጠው ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ሳይነግርሽ መስጠቱ ግን ልክ አልነበረም፤ መቆጣትሽም አይፈረድበትም። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ያናደደሽ ዕቃው ነው ወይስ ሳትጠየቂ በገንዘብሽ መወሰኑ? ሁለቱን ለይተሽ ብትነግሪው እሱም ለይቶ ይሰማሻል። «ሳትነግረኝ መስጠትህ አስከፍቶኛል፤ ስለ ዕቃው ግን አብረን እንመርምር» ብትይው ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። እንዳየሁት ሁለታችሁም ስለየራሳችሁ ሥራ እውነት እየተናገራችሁ ነው። የማትግባቡት ሥራችሁ ፕሮሰሰሩን የሚጠቀምበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ስንዴ ለቀማ በሰው ብዛት ይፈጥናል፤ በአንድ ምጣድ እንጀራ መጋገር ግን አጠገቡ ስንት ሰው ቢቆም አይፈጥንም። የቪ-ሬይ ሬንደር እንደ ለቀማው ነው፦ ምስሉ በትንንሽ ክፍሎች ይቆራረጥና እያንዳንዱ ኮር የድርሻውን ይወስዳል። የሬቪት አብዛኛው ሥራ ግን አንዱ ስሌት ሳያልቅ ሌላው ስለማይጀመር በአንድ ኮር ላይ ይሰለፋል። ግድግዳ ስታንቀሳቅሺ፣ ቪው ስትቀይሪ፣ ሞዴሉ ራሱን ሲያስተካክል የሚያስጠብቅሽ የዚያ አንድ ኮር ፍጥነት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ስሌቱ ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በአንድ ኮር 100 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አለ እንበል። ግማሹ ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ በ14 ኮር 53.6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ጨምረሽ 28 ኮር ስታደርጊው 51.8 ይሆናል። ለሁለተኛው ፕሮሰሰር የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ያተረፈው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከመቶ 90 እጁ የሚከፋፈል ከሆነ ከ16.4 ወደ 13.2 ደቂቃ ይወርዳል። 99 እጁ የሚከፋፈል ከሆነ ግን ከ8.1 ወደ 4.5 ይወርዳል፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። የወንድምሽ የሌሊት ሬንደር ወደዚህ መጨረሻው ይጠጋል፤ የአንቺ የቀን ሥራ ወደ መጀመሪያው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሁለታችሁም ያያችሁት አይመስለኝም። ኢ5-2680 ቪ4 በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው። መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ እስከ 3.3 ይወጣል። አሁን ያለሽ አይ7-7700 መነሻው 3.6፣ ጣሪያው 4.2 ጊጋኸርዝ ነው፤ የውስጥ አሠራሩም ከዚዮኑ አዲስ ነው። ስለዚህ ዜድ840ው ተገዝቶ ጠረጴዛሽ ላይ ቢቀመጥ ሬቪትን የምታንቀሳቅሺበት ኮር ዛሬ ካለሽ ይዘገያል። እቁብሽን አውጥተሽ ሥራሽ ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ነው። የራሙ መጨመር የሚያቀልልሽ ነገር ይኖራል፤ ቪው ስትቀይሪ የምትጠብቂው ጊዜ ግን በእሱ አይድንም።

ወንድምሽም ስለ ራሱ ሥራ አልተሳሳተም። ከ4 ኮር ወደ 28 መዝለል ሬንደሩን እጅግ ያፈጥንለታል። ልትነግሪው የሚገባሽ ይህን ፍጥነት በአንድ ፕሮሰሰርም ማግኘት እንደሚቻል ነው። ሃያ ስምንቱም ኮር ሲጫን ዚዮኖቹ ወደ 2.9 ጊጋኸርዝ ገደማ ይወርዳሉ። ራይዘን 9 5950ኤክስ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ኮሮቹ 16 ቢሆኑም እያንዳንዱ በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ ይበልጣል፤ ጣሪያውም 4.9 ጊጋኸርዝ ነው። በቪ-ሬይ ዓይነት ሥራ ሁለቱን ዚዮኖች ይስተካከላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይበልጣል። በአንድ ኮር ሥራ ደግሞ ጨርሶ አይገናኙም። ሁለት ፕሮሰሰር ይሻላል የሚለው እምነት የመጣው አንድ ፕሮሰሰር አንድ ኮር ብቻ በነበረው ዘመን ነው። ለቤትና ለቢሮ በሚሸጡ ኮምፒውተሮች ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር በ2005 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ የሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ብዛት ብቻውን ብዙ አይነግርም።

ግን በእኔ ቃል አትግዢ፤ በራሳችሁ ፋይል ለኩት። ነገ ጠዋት ከባዱን የሬቪት ፋይል ክፈቺና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማናጀርን አምጪ። «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ሲፒዩን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ ምረጪ፤ ግራፉ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርገሽ ወደ ሎጂካል ፕሮሰሰሮች ቀይሪው። እያንዳንዱ ኮር እንደ ሁለት ስለሚቆጠር የእናንተ አይ7 ስምንት ትንንሽ ሳጥኖች ያሳያል። የሚያስጠብቅሽን ሥራ ሥሪና ሳጥኖቹን ተመልከቺ። አንዱ ሳጥን ጫፍ ደርሶ ሌሎቹ ከተኙ፣ አጠቃላይ ቁጥሩም 12 ወይም 13 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ሥራሽ የአንድ ኮር ሥራ ነው፤ ከስምንት አንዱ 12.5 ስለሆነ። አንዳንዴ ጭነቱ ከሳጥን ሳጥን እየዘለለ ስለሚሄድ አንድ ሳጥን ብቻ ሞልቶ ላታዪ ትችያለሽ፤ ያን ጊዜ አጠቃላይ ቁጥሩን እመኚ። 56 ሎጂካል ፕሮሰሰር ያለው ዜድ840 ላይ ይኸው ሥራ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ያሳያል። ማሽኑ ሥራ የፈታ ይመስላል፤ አንቺ ግን ትጠብቂያለሽ።

ወንድምሽ ደግሞ የሚከተለውን ይሞክር። አሥር ደቂቃ ያህል የምትፈጅ አንዲት የሬንደር ምስል ይምረጥና ሰዓት ይያዝላት። ከዚያ በታስክ ማናጀር «ዲቴይልስ» ውስጥ ስሪዲ ማክስን ፈልጎ በቀኝ ክሊክ «ሴት አፊኒቲ» የሚለውን ይክፈትና ከስምንቱ ሳጥኖች የመጀመሪያዎቹን አራቱን ብቻ ይተው። ጥንድ ጥንዱ የአንድ ኮር ስለሆኑ ይህ ሁለት ኮር ብቻ ይሰጠዋል። ያችኑ ምስል እንደገና ሬንደር ያድርግ። ጊዜው ወደ እጥፍ ከተጠጋ ኮር መጨመር በእርግጥ ይጠቅመዋል። ብዙም ካልተለወጠ ግን ሬንደሩን የያዘው ሌላ ነገር ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራም ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ፕሮሰሰር ከመቀየር በፊት መታየት ያለበት ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ይዘለዋል። 16 ጂቢ ለዛሬ የቪ-ሬይ ሲን (ሬንደር ለሚደረገው ሙሉ ሞዴል) ጠባብ ነው። ሬንደሩ ሲጀምር ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪው 95 በመቶ አልፎ፣ የዲስኩ ግራፍ ደግሞ ዝም ብሎ ከላይ ከቆየ፣ ኮምፒውተሩ ራም አልቆበት ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመ ነው። በዚያን ሰዓት ሲፒዩው ከ100 በመቶ ወርዶ ሲዋዥቅ ታያላችሁ። እንዲህ ከሆነ አራት ኮሩም ሆነ ሃያ ስምንቱ ዲስክ ሲጠብቁ ነው የሚያድሩት። የ7700 ማዘርቦርዶች አብዛኞቹ አራት የራም ማስገቢያ አላቸው። ሁለቱ ባዶ ከሆኑ ያለውን የሚመስል 16 ጂቢ ጨምራችሁ 32 ማድረስ ከእቁቡ ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። ችግራችሁ ግማሹ በዚህ ብቻ ሊፈታ ይችላል።

ሦስተኛው ፈተና ሻጩ ዘንድ የሚደረገው ነው። አብራችሁ ሂዱ፤ አንቺ ብቻሽን ከሄድሽ ስህተት ልትፈልጊበት የሄድሽ ይመስለዋል። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚለካውን ሲኒቤንች አር23ን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአንድ ኮሩንም የሁሉንም ኮር ውጤትም ያዙ። ቪ-ሬይን የሚሠራው ድርጅት የሚያቀርበው ነጻ መለኪያ፣ ቪ-ሬይ ቤንችማርክም አለ። ሁለቱንም አስቀድማችሁ በእናንተው 7700 ላይ አሠሯቸውና ቁጥሩን ጻፉት። 5950ኤክስ የሚገጣጥመው ባለሙያም በሠራው ኮምፒውተር ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሦስት ማሽን፣ በእያንዳንዱ ሦስት ቁጥር፣ በአንድ ወረቀት ላይ። ያ ወረቀት በመካከላችሁ ቢቀመጥ ክርክሩ የእሱና የአንቺ መሆኑ ይቀራል።

ዜድ840ውን ስታዩ ጎኑን ክፈቱት፤ ክዳኑ ያለ ብሎን መፍቻ ይከፈታል። መጀመሪያ ራሞቹን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም አለው፤ በአራት መስመርም ያነባል። ስለዚህ 64 ጂቢው ጥሩ የሚሆነው ስምንት ባለ 8 ጂቢ ሆኖ አራት አራት ሲደለደል ነው። ሁለት ባለ 32 አንድ ወገን ላይ ብቻ ተሰክቶ ካገኛችሁ፣ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ለእያንዳንዷ ነገር ወደ ጎረቤቱ መሻገር አለበት፤ የከፈላችሁበትን ፍጥነት መንገድ ላይ ትጥሉታላችሁ። የሰርቨር ራም ስለሆነም ከቤታችሁ ኮምፒውተር ራም ጋር አይደባለቅም፤ ነገ የእናንተን ነቅላችሁ እዚያ ልትጨምሩ አትችሉም።

ከዚያ ታስክ ማናጀር ላይ «ሶኬትስ» የሚለው 2፣ ኮር 28፣ ሎጂካል ፕሮሰሰር 56 ማለቱን አረጋግጡ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ተሰክተው አንድ ብቻ ከታየ ዊንዶውሱ የሆም ስሪት ሊሆን ይችላል፤ ሆም ከአንድ ፕሮሰሰር በላይ አይጠቀምም፣ ፕሮ ያስፈልጋል። ሲፒዩ-ዜድ በሚባለው ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ፦ ሙሉ ስሙ ሳይጻፍ ዜሮዎች ብቻ ከተደረደሩ ወይም ኢኤስ የሚል ካለበት፣ ለሙከራ የተሠራ እንጂ ለገበያ የወጣ ፕሮሰሰር አይደለም፤ ተዉት። የተሰካው ራም 64 ሆኖ ሳለ 48 ወይም 56 ብቻ ከታየም ተጠንቀቁ። በዚህ ማሽን ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ በአንዱ ሶኬት 2011 ናቸው። ፕሮሰሰር ሲነቀልና ሲሰካ አንዷ ከታጠፈች አንድ የራም መስመር ይጠፋል። ይህ የሚጠገንበት ጊዜ ቢኖርም ዕድል ነው።

በመጨረሻ ሲኒቤንች አር23 ላይ የ30 ደቂቃውን ፈተና አስጀምሩና ሙቀቱን ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ተከታተሉ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች በጥቂት ዲግሪ ቢለያዩ ደንብ ነው፤ አንዱ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ከበለጠ ግን በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቋል ወይም ፋኑ ደክሟል። ይህ በቀላሉ ይስተካከላል፤ ለዋጋ መከራከሪያም ይሆናችኋል። ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ ግን ከኤችፒ ውጭ በሌላ አይተኩም። ከተራ ኮምፒውተር ቤት የተገዛ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምለትም፤ የተበላሸ ቀን ሌላ ዜድ840 ፍለጋ ትወጣላችሁ።

መብራትም አለ። ሁለቱ ዚዮኖች ብቻቸውን 240 ዋት ይወስዳሉ፤ 5950ኤክስ ሙሉ ሥራ ላይ ሆኖ 142 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱን 100 ዋት ብትይው በስምንት ሰዓት ሌሊት 0.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ25 ሌሊት 20 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የሚከብደው ዩፒኤሱ ነው። በየቢሮው የምናየው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። በ240ው ላይ ራሙ፣ ፋኖቹ፣ ግራፊክስ ካርዱና ስክሪኑ ሲደመሩ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ መብራት ጠፍቶ ሸክሙ በእሱ ላይ ሲወድቅ ሊጮህና ሊዘጋ ይችላል። ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ከገዛችሁ 1500 ቪኤ ዩፒኤስ ከዋጋው ጋር አብራችሁ አስሉ። የትኛውንም ብትገዙ ግን ወንድምሽ ቪ-ሬይ ላይ የተቋረጠ ሬንደር ካቆመበት የሚያስቀጥለውን «ሪዚዩመብል ሬንደሪንግ» ዛሬውኑ ይክፈትና የማስቀመጫውን ጊዜ 10 ደቂቃ ያድርገው። እስካሁን ሳይከፍተው ቆይቶ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ሌሊቱን ሁሉ እንደገና ሲጀምረው ነበር ማለት ነው።

ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ 2680 ቪ4ም ሆነ የእናንተው 7700 የሉም፤ 5950ኤክስ አለ። በዘዴ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ የደንበኛ ፋይል የሚያስቀምጥ ቢሮ ግን በዘዴ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ለዓመታት እንዲቆም አልመክርም።

እንግዲህ ዋጋቸው እንዳልሽው ከተቀራረበ ምክሬ ባለ አንድ ፕሮሰሰሩ ነው፤ የወንድምሽንም ሥራ ይሸከማል፣ የአንቺንም ያፈጥናል። ስታስገጣጥሚ ራሙ ሁለት ባለ 32 ጂቢ ይሁን፤ ሁለቱ ማስገቢያዎች ለነገ ክፍት ይቀራሉ፣ እስከ 128 ጂቢ ድረስም ትሄጃለሽ። ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው አይመጣም፤ ትልቅ ባለ ሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ግዢ፣ በትንሽ ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማዘርቦርዱ ቢ550 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የ5000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮችን እንዲቀበል መታደሱን ሻጩ አብርቶ ያሳይሽ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ 1060ውን ከአሮጌው አውጥታችሁ እዚያ ስኩት። አሮጌው በራሱ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ይሠራል፤ ቪ-ሬይ በሲፒዩ ሬንደር ሲያደርግ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም። ያኔ አሮጌው ለወንድምሽ የቀን ማሽን ይሆናል፦ ሞዴሉን ያዘጋጅበታል፣ ትንንሽ ሙከራ ሬንደር ያደርግበታል፣ ማታ ትልቁን በአዲሱ ላይ ይለቃል። እስካሁን ተራውን ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ባለ ሁለት ፕሮሰሰሩን የምመርጥበት ሁኔታም አለ፤ እሱን ካልነገርኩሽ ወንድምሽን በድያለሁ። ሻጩ ዋጋውን በእርግጥ ዝቅ ካደረገ፣ ለምሳሌ ከአዲሱ በሲሶ ካነሰ፣ ማሽኑ ለወንድምሽ ብቻ ተገዝቶ አንቺ በ7700ው ላይ ትቆዪና የተረፈው ብር ለአንቺ ራም ይሆናል። ሁለታችሁም የየራሳችሁ ማሽን ይኖራችኋል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ወይም የወንድምሽ ሲኖች ከ128 ጂቢ በላይ ራም የሚጠይቁ ከሆነ፣ ዜድ840 16 ማስገቢያ ስላለው እዚያ አሸናፊ ነው። ጠይቂው፦ እስካሁን የሠራው ትልቁ ሲን ስንት ጂቢ ወስዷል? በዓመት ውስጥስ ወዴት ማደግ ይፈልጋል? መልሱን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለ ቀብዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 እንዳስቀመጠው፣ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ልተው ካለ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የከፋው ቢመጣ የምታጡት 10 ሺህ ብር ነው። 10 ሺህ ብር ቀላል አይደለም፤ ግን 10 ሺህ ላለማጣት ብሎ ቀሪውን ሁሉ ለማይሆን ዕቃ ማውጣት የባሰ ነው። በፈተናው ላይ ሻጩ ከተናገረው የተለየ ነገር ካገኛችሁ፣ አንድ ፕሮሰሰር አለመታየት ወይም ራም መጉደል፣ ቀብዱ እንዲመለስ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አላችሁ። ያን ቀን የታየውን በስልክ ፎቶ አንሱት። ዕቃው ደህና ሆኖ እናንተ ከተዋችሁት ደግሞ ወንድምሽ ራሱ ሄዶ በትህትና ያነጋግረው፤ ሌላ ገዢ ካገኘ ቀብዱን ወይም ከፊሉን የሚመልስ ሻጭ አይጠፋም።

አሁን ሂጂና ወንድምሽን ለቡና ጥሪው። ስለ ዜድ840 ሳይሆን ስለ ሌሊቱ ጠይቂው፦ ስንት ሰዓት ይነቃል፣ የትኛው ሬንደር ነው የሚያቃጥለው፣ ደንበኛ ፊት መቼ ነው ያፈረው? ክፉ ቃል ተናገርኩት ብለሻል፤ ለዚያ ይቅርታ ጠይቂው፣ ከዕቃው ጋር ግን አታያይዢው። ከዚያ ሁለታችሁም ለሦስት ቀን በአንድ ደብተር ላይ የጠበቃችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ አንቺ የቀኑን፣ እሱ የሌሊቱን። በአራተኛው ቀን ደብተሩንና ያንን የቁጥር ወረቀት ይዛችሁ ሻጩ ዘንድ ሂዱ። ከዚያ በፊት ቀሪውን ብር እንዳትከፍሉ።